ከጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል እስከ ሜሪላንድ፦ እንደገና ሚድዋይፍ ለመሆን የፈጀብኝ 11 ዓመት

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከአስፋልት መንገድ ርቆ በሚገኝ ጤና ጣቢያ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። መብራት በጠፋ ሌሊት ባትሪ በጥርሴ ነክሼ አዋልጃለሁ። እንግዴ ልጅ አልወጣ ሲል በእጄ አውጥቻለሁ፣ መግፋት ያቃታትን በቫኪዩም አግዣለሁ፣ ሳይተነፍስ ለተወለደ ሕፃን በአምቡ ባግ አየር ሰጥቻለሁ። የደም ግፊቷ አሻቅቦ ለምትንቀጠቀጥ እናት መንቀጥቀጡን የሚያቆመውን ማግኒዥየም ወግቼ አብሬያት አምቡላንስ ውስጥ ገብቻለሁ። መሠረታዊ የድንገተኛ ወሊድ አገልግሎት ከሚባሉት ሰባት ተግባራት ያልሠራሁት አልነበረም። ሐኪም በአካባቢው ስላልነበረ፣ ተረኛዋ እኔ ከሆንኩ ወሳኟም እኔ ነበርኩ። እናቶቹ «ሲስተር» ይሉኝ ነበር።

በ2010 ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ ገባሁ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በሦስተኛው ወር ሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት አዛውንት ሳገላብጥ፣ ዳይፐር ስቀይር፣ ገላ ሳጥብ ነበር። ሥራው የተከበረ ሥራ ነው፤ ሽማግሌ ማጠብ በእኛም አገር ምርቃት የሚያስገኝ ነው። ግን ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ነፍሰ ጡር ሴት ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ሆዷ ላይ ይቀራል፤ ስንት ሳምንት እንደሆናት በልቤ እገምታለሁ።

ያኔ የጀመርኩት መንገድ ሰርተፋይድ ነርስ ሚድዋይፍ (ነርስም አዋላጅም የሆነች ባለሙያ) ተብዬ ሥራ እስከያዝኩበት 2021 ድረስ ወሰደኝ። ከዚያ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ማዳን እችል ነበር። ይህን የምጽፈው እነዚያን ዓመታት ሌላ ሰው እንዳያጣቸው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የወረቀቱን ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ያጠፋኝ እሱ ነው። ዲግሪዬ ላይ «አዋላጅ ነርስ» የሚል ቃል ስላለ የአሜሪካን የነርስነት ፈተና ተፈትኜ የማልፍ መስሎኝ ነበር። የትምህርት ማስረጃዬን የገመገመው ድርጅት የሰጠኝ መልስ ግን ሌላ ነው። ዲግሪው የባችለር ዲግሪ መሆኑን ተቀበሉት፤ አጠቃላይ ነርስ የሚያሰኝ ግን አይደለም አሉ። እዚህ አገር ከውጭ የመጣን ሰው ለነርስነት ፈተና ሲያስቀምጡ በአዋቂዎች የውስጥ ደዌና ቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በእናቶችና በአእምሮ ሕክምና፣ በእያንዳንዳቸው ክፍል ውስጥም ተምሮ፣ ታካሚ አልጋ አጠገብም ቆሞ እንደተለማመደ ማየት ይፈልጋሉ። የእኔ ሰዓት በእናቶች በኩል ሞልቶ ፈስሷል፤ በአእምሮ ሕክምናና በአዋቂዎች በኩል ጎድሏል። ከጎደለውም ከፊሉን በእርግጥ ሠርቼው ነበር፤ ትራንስክሪፕቴ ላይ ግን የተግባር ልምምዱ ሰዓት ተለይቶ አልተጻፈም። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ እዚህ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የጎደለውን ደብዳቤ ከተማርኩበት ተቋም ለማስላክ ስምንት ወር ጠየቅሁ። እህቴ አምስት ጊዜ ተመላለሰችልኝ፤ ፖስታው ከተቋሙ ታሽጎ በቀጥታ መላክ ስላለበት እሷ ይዛ ልትልክልኝ አትችልም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ከዜሮ ለመጀመር ወሰንኩ።

ያኔ ማንም ያልነገረኝ ሁለተኛ መንገድ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ነርስ ሳይሆኑ ሚድዋይፍ የሚኮንበት፣ ሰርተፋይድ ሚድዋይፍ የሚባል ሙያ አለ። የማስተርስ ትምህርቱም ሆነ የመጨረሻው ብሔራዊ ፈተና ከነርስ ሚድዋይፎቹ ጋር አንድ ነው። ችግሩ የሚቀበሉት ክፍለ ግዛቶች ጥቂት መሆናቸው ነው። ኒውዮርክ፣ ኒውጀርሲና ሮድ አይላንድ ከቀደሙት ውስጥ ናቸው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በ2021 ሕግ አወጡለት፣ እኔ ልጨርስ ስል ማለት ነው። ዛሬ ከኢትዮጵያ በሚድዋይፈሪ ዲግሪ የምትመጣ እህት መጀመሪያ የምትኖርበት ክፍለ ግዛት ይህን መንገድ ይፈቅድ እንደሆነ ትጠይቅ። እኔ የጠየቅሁት ያገኘሁትን አበሻ ሁሉ ነው፤ ያገኘሁት ሁሉ ደግሞ በነርስነት የመጣ ስለነበር በሚያውቀው መንገድ መራኝ። ያንን ጥያቄ በቀጥታ ለሚድዋይፈሪ ትምህርት ቤቶች ባቀርበው ኖሮ አንድ ስልክ ይበቃኝ ነበር።

ነርስነት ለመማር ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብቼ አናቶሚን እንደገና ተማርኩ። ልጄን ሌሊት የያዙልኝ የታችኛው ክፍል ተከራይ እትዬ ናቸው፤ ሥራ ስገባ ያስተኙታል፣ ስመለስ ቁርሱን አብልተው ይጠብቁኛል። ብር ሳቀርብላቸው «ስትመረቂ ትሰጪኛለሽ» ብለው መለሱልኝ፤ ስመረቅም አልተቀበሉኝም። በ2015 የነርስነት ፈተናውን ስቀመጥ ኮምፒውተሩ 75ኛው ጥያቄ ላይ ተዘጋ። ያኔ ፈተናው ከ75 እስከ 265 ጥያቄ ይሄድ ስለነበር በ75 መዘጋቱ ወይ በደንብ ማለፍ ነው፣ ወይ በደንብ መውደቅ። ሁለት ቀን ምግብ አልወረደልኝም። አለፍኩ።

ማዋለጃ ክፍል ወዲያው የሚቀጥረኝ አጣሁና ሁለት ዓመት በአዋቂዎች የውስጥ ደዌ ክፍል ሠራሁ። ያን ጊዜ የባከነ መስሎኝ አዝኜ ነበር። አሁን ግን የስኳርና የልብ ሕመም ያላት ነፍሰ ጡር ስትመጣ እነዚያ ሁለት ዓመታት እንደጠቀሙኝ ይገባኛል። እዚህ አገር የሚሞቱ እናቶች በደም መፍሰስ ብቻ አይደለም የሚሞቱት፤ የልብ ሕመምም ትልቅ ድርሻ ይይዛል።

ከዚያ የማዋለጃ ክፍል ነርስ ሆንኩ። እዚያ ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር ማግኒዥየም ነው። እኛ ጤና ጣቢያ ውስጥ 4 ግራም በደም ሥር፣ ከዚያ በሁለቱም መቀመጫ 5፣ 5 ግራም እንወጋ ነበር። እዚህ ከ4 እስከ 6 ግራም በፓምፕ ቀስ ብሎ ይሰጥና በሰዓት 1 ወይም 2 ግራም ይቀጥላል። የሥራ ባልደረቦቼ የእኛን አሰጣጥ ስነግራቸው የድሃ አገር ብልሃት መሰላቸው። ያ አሰጣጥ ግን ከቴክሳስ፣ ዳላስ ከተማ የወጣ፣ የዶክተር ጃክ ፕሪቻርድ ሥራ ነው። ፓምፕ በሌለበት ቦታ እናት የሚያድን ስለሆነ ለእኛ ተረፈ። ይህን ካወቅሁ በኋላ ከአገር ቤት ይዤው ስለመጣሁት እውቀት አንገቴን መድፋት ተውኩ።

የከበደኝ ሌላ ነው። የፅንሱን የልብ ምት መከታተያ ወረቀት ከሐኪሙ ቀድሜ አየዋለሁ፣ ምን መደረግ እንዳለበትም አውቃለሁ፤ ግን ውሳኔው የእኔ አይደለም። ሰሜን ሸዋ ብቻዬን የወሰንኩ ሴት፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለአንድ ኪኒን ስልክ እደውላለሁ። ወደ ማስተርስ የገፋኝ ይህ ነው።

ሥራ ሳላቋርጥ የነርስ ባችለሩን ጨርሼ በ2018 ነርስ ሚድዋይፈሪ ማስተርስ ጀመርኩ። ትምህርቱን አልፈራሁትም። ፈተናዬ የሚያለማምደኝ ሚድዋይፍ፣ እነሱ ፕሪሰፕተር የሚሉትን፣ ማግኘት ነበር። ትምህርት ቤቴ ቢያንስ 35 ወሊድ ይጠይቃል፤ ቦታውን ግን ራሴ እንድፈልግ ነው የተተወው። ከ40 በላይ ደብዳቤ ጻፍኩ። ያገኘሁትም በ2020 በኮቪድ ምክንያት ተማሪ አንቀበልም ብሎ ዘጋ። በመጨረሻ በር የከፈተችልኝ ነርስ ሆኜ የማውቃት ሚድዋይፍ ናት። ስለዚህ ማስተርስ የምታስቡ ሁሉ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት አሁን ባላችሁበት ሥራ ላይ ያሉ ሚድዋይፎችና ነርስ ፕራክቲሽነሮች ስማችሁን እንዲያውቁ አድርጉ። አብራችሁ ሥሩ፣ ጠይቁ፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ደብዳቤ በር አላስከፈተልኝም፤ አብሮ መሥራት አስከፈተልኝ።

እሷ ጋ በሁለተኛው ሳምንት የሆነውን እስካሁን አልረሳውም። ምጥ ላይ ያለች ሴት ማህፀኗ ምን ያህል እንደተከፈተ ልመረምር ጓንት አድርጌ ቀረብኩ። ፕሪሰፕተሬ በእጇ አስቆመችኝና «ጠይቀሻታል?» አለችኝ። አልጠየቅኋትም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት በፕሪሰፕተሬ ተከፍቼ አይደለም። ጤና ጣቢያው ውስጥ የጮህኩባቸው እናቶች ፊት መጣብኝ። «እግርሽን ክፈቺ! ልጅሽን ልትገድዪ ነው?» ብያለሁ። ጭኗን በጥፊ የመታኋትም አለች። ሕፃኑን ለማዳን ነው ብዬ ነበር፤ የመታኋት ግን እኔ ደክሞኝና ፈርቼ ነው። በአንድ ሌሊት ሦስት ወሊድ ብቻዬን ይዤ እንደነበር እውነት ነው፤ ያም ቢሆን በደሉን አያነሳልኝም። የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ማህፀን ውስጥ የእርግዝና መከላከያ ማስገባትም ሆነ መድኃኒት ማዘዝ ከመማር ይልቅ ይህ ከበደኝ። አሁን ከመንካቴ በፊት እጠይቃለሁ፣ «አይ» ካለችኝ እቆማለሁ፣ ለምን እንደምመረምራት ነግሬ እንደገና እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ትፈቅዳለች።

እጄ ያመጣውን ደግሞ ፕሪሰፕተሬ ከእኔ ተማረች። አገር ቤት አልትራሳውንድ ስላልነበረን ሆድ በመዳሰስ ብቻ የልጁን አቀማመጥ እናውቅ ነበር። አንድ ቀን 36 ሳምንት የሞላት ሴት ስዳስስ ከጎድን አጥንቷ ሥር ክብና ጠንካራ ነገር አገኘሁ፤ ስነካው እንደ ኳስ ይመለሳል። መዝገቡ ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው ይላል። «ይህ ጭንቅላት ነው» አልኩ። አልትራሳውንዱ አረጋገጠልኝ። በ37 ሳምንት ሐኪሙ ከውጭ በእጁ አዞረውና በመደበኛ ምጥ ወለደች። ከዚያ በኋላ ፕሪሰፕተሬ ሌሎች ተማሪዎችን ከእኔ ጋር እንዲዳስሱ ትልክ ጀመር።

የመጨረሻው ብሔራዊ ፈተና 175 ጥያቄ ነው፣ አራት ሰዓት። አገር ቤት ከሠራነው ጋር የሚጋጭበት ቦታ ላይ ነው የምንወድቀው፤ እኔ መለማመጃ ጥያቄ ስሠራ የሳትኳቸውን ለይቼ «አገር ቤት» እና «እዚህ» የሚል ሁለት ዓምድ ሠርቼ አጠናሁ። ፈተናው በዚህ አልከበደኝም።

ነርስ ሚድዋይፍ ሆኜ በሠራሁት የመጀመሪያ ዓመት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደም አላቋርጥ አላት። ድሮ ደም የምንገምተው በዓይን ነበር፤ ደሙ ሲበዛ ደግሞ ዓይን አሳንሶ ነው የሚያየው። እዚህ የረሰረሰውን ጨርቅ መዝነን የደረቁን ክብደት እንቀንሳለን፤ 1 ግራም እንደ 1 ሚሊ ሊትር ይቆጠራል። 900 ደርሷል። የደም ግፊት ስለነበረባት ማህፀን የሚያኮማትረው ሜተርጂን አይሆንም፤ አስም እንደሌላት ስላረጋገጥኩ ሌላውን ማህፀን አኮማታሪ፣ ካርቦፕሮስትን አዘዝኩ፣ ደም እንዲረጋ የሚያግዝ 1 ግራም ትራኔክሳሚክ አሲድ አስጀመርኩ፣ ማህፀኗን እያሸሁ የማህፀን ሐኪሙን አስጠራሁ። እዚህ 1000 ሚሊ ሊትር ሲሞላ ነው ከወሊድ በኋላ የደም መፍሰስ የሚባለው። ጀማሪ ብትሆኚ ምናልባት «ትንሽ ልጠብቅ፣ አልቻለችም እንዳይሉኝ» ትያለሽ። ሰሜን ሸዋ አምቡላንስ በዘገየበት ሌሊት አንዲት እናት ስላጣሁ እኔ አልጠበቅሁም። ሐኪሙ ሲደርስ ደሙ ቆሞ ነበር፤ «ቀድመሽ ስለጠራሽኝ አመሰግናለሁ» አለኝ።

የአገሬ ልጆች እኔ ጋ መምጣት ጀምረዋል። አንዷ ምጥ ሲጠናባት «ማርያም! ማርያም!» እያለች ትጣራለች። ነርሷ ተጨንቃ «ማርያም እህቷ ናት? እንጥራላት?» አለችኝ። ማን እንደሆነች፣ እናቶቻችንም በዚህ ስም እየተጣሩ እንደወለዱን አስረዳኋት። ልጁ ሲወጣ ነርሷ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለውን ከእኔ ተቀብላ በተሰባበረ አማርኛ አለቻት። ሴትዮዋ በእንባ ነው የመለሰችላት።

አሜሪካ ብቸኛው መሰላል ነው የምል እንዳይመስላችሁ። አገር ቤት ጎንደር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በክሊኒካል ሚድዋይፈሪ ማስተርስ ይሰጣል፤ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎችም በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማስተርስ ተምረው በወረዳ ሆስፒታሎች ቀዶ ወሊድ ይሠራሉ። እኔ ዛሬም ቀዶ ጥገና አልሠራም። እዚያ የቀሩት እህቶች ከእኔ ያነሱ አይደሉም፤ በአንዳንድ ነገር እጃቸው ከእጄ ይበልጣል።

ባለፈው ወር አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ ከደብረ ብርሃን ደወለችልኝ። ዲቪ ደርሷታል፣ ኢንተርቪው ሁለት ወር ቀርቷታል። ምን ልብስ ይዤ ልምጣ ብላ ጀመረች። ልብሱን ተይው አልኳት። ትራንስክሪፕትሽን፣ የእያንዳንዱን ኮርስ መግለጫ፣ የተግባር ልምምድሽ በየክፍሉ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድሽን፣ ሎግቡክሽን። ታሽጎ ከዚያው የሚላክም ካለ ማን እንደሚልከው ስሙንና ስልኩን ያዢ። ሳትበሪ በፊት።

«ሲስተር፣ ሬጅስትራሩ ቀጠሮ ያበዛል እኮ» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ተገኚ፤ ከዚያው ሆነሽ ደውዪልኝ» አልኳት። ስትደውል እዚህ ሌሊት ነበር፤ ተረኛ ስለነበርኩ አነሳሁላት።