ሦስት ሰንደቆች በኩፐርቲኖ

ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ደቡብ የሚወርደውን ባቡር ይዤ ፓሎ አልቶ ስወርድ ሐሳቤ ሁለት ነገር ለማየት ነበር፤ አንድ ጋራዥና አንድ የኩባንያ ግቢ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጋራዡ ያለው አዲሰን ጎዳና፣ የቤት ቁጥር 367 ነው። ከመኖሪያ ቤቱ ኋላ ገባ ያለች፣ አረንጓዴ በር ያላት የእንጨት ክፍል ናት። ከፊት ለፊት የቆመው የታሪክ ምልክት «የሲሊከን ቫሊ የትውልድ ስፍራ» ይላታል። ሂውሌት ፓካርድ የተባለውን የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ የመሠረቱት ቢል ሂውሌትና ዴቪድ ፓካርድ በ538 ዶላር ሥራ የጀመሩት እዚህ ነው፤ የማን ስም ይቅደም የሚለውንም ሳንቲም ወርውረው ነው የወሰኑት። ውስጥ መግባት አይቻልም። እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ አንገትን ማስገግ ነው።

እኔን እዚያ ያቆየኝ ግን ጋራዡ ሳይሆን በ1970 የሆነው ነገር ነው። በዚያ ዓመት ገበያ ሲቀዘቅዝ ሂውሌት ፓካርድ ከሠራተኞቹ አንድ አሥረኛውን ማሰናበት ይችል ነበር። አላሰናበተም። በምትኩ ሠራተኛው ከየአሥሩ የሥራ ቀን አንዱን ቤቱ እንዲውል፣ ደመወዙም በአሥር በመቶ እንዲቀንስ ተደረገ፤ ገበያው ሲያገግም ነገሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ስለ ኩባንያ እሴት ብዙ ሰምቻለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ መግቢያ በወርቃማ ፊደል ተጽፎ አንብቤያለሁ፤ ለስብሰባ ስል የሸመደድኩትም አለ። የደመወዝ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ያየሁት እሴት ግን ከዚህ ሌላ ብዙም ትዝ አይለኝም። ያው ኩባንያ በ2012 የ27,000 ሰዎችን የሥራ መደብ እንደሚቀንስ አስታወቀ። በዚያን ጊዜ ሁለቱም መሥራቾች አፈር ለብሰው ነበር።

ወደ ኩፐርቲኖ የወሰዱኝ የታክሲ ሾፌር የአገሬ ሰው ሆነው ተገኙ። በስልክ ሳወራ ሰምተው ኖሮ፣ ስጨርስ በመስተዋቱ እያዩኝ «ከየት ነህ፣ ልጄ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጋሼ እያልኳቸው፣ እሳቸውም መንገዱን እያሳዩኝ ሄድን። የአፕል የድሮው ዋና መሥሪያ ቤት፣ ኢንፊኒት ሉፕ፣ ስንደርስ መኪናውን ዳር አስያዙና በጣታቸው አመለከቱኝ።

«ሰውየው የሞተ ጊዜ እዚህ ሰው ሳመላልስ ነው የሰነበትኩ። አበባ ይዞ የሚመጣው፣ ሻማ የሚያበራው፣ ፖም አንዴ ገምጦ የሚያስቀምጠው! ባንዲራውም ዝቅ ብሎ ነበር። ሦስቱም።»

«ሰውየው» ያሉት ከአፕል መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ጆብስ ነው፤ የሞተውም ኦክቶበር 5 ቀን 2011 ነው። ዝቅ ብለው የተውለበለቡት የአሜሪካ፣ የካሊፎርኒያ ግዛትና የኩባንያው የራሱ ሰንደቅ ነበሩ። ሦስተኛው ከነከነኝ። ሰንደቅ ዝቅ ማድረግ አገር የምታዝንበት ሥርዓት ነው፤ ስልክና ኮምፒውተር የሚሸጥ ድርጅት ከአገር ጎን ቆሞ፣ በአገር ወግ ሲያዝን ምን ማለት ነው? ሐዘኑ የውሸት ነበር ማለቴ አይደለም። በዚያው ወር 19ኛው ቀን ሠራተኞቹ እዚሁ ግቢ ተሰብስበው አስበውታል፤ መደብሮችም ለሰዓታት ተዘግተዋል። ጥያቄዬ ሟቹ የማን ነው የሚለው ነው።

የእኛ ነው የሚል ሞልቷል። አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ እዚያው አካባቢ አድጓል ትላለች። በ2015 የሶርያ ስደተኞች ጉዳይ ዓለምን ሲያነጋግር ደግሞ ወላጅ አባቱ አብዱልፈታህ ጃንዳሊ የሆምስ ሰው መሆናቸውን ብዙዎች አነሡ። ኩባንያው ራሱ ከአገር ይልቅ ግዛት ይመርጣል፤ አሮጌው ስልኬ ጀርባ ላይ ንድፉ የካሊፎርኒያ፣ መገጣጠሙ የቻይና መሆኑ ተጽፏል፤ አሜሪካ የሚል ቃል የለበትም። በ2010 ሼንዘን ውስጥ ይህንኑ ዕቃ በሚገጣጥመው ፋብሪካ ወጣት ሠራተኞች በተከታታይ ራሳቸውን ሲያጠፉ፣ ፋብሪካው ከፎቅ የሚዘለውን የሚይዝ መረብ በሕንፃዎቹ ዙሪያ ዘረጋ። ለእነርሱ ዝቅ ያለ ሰንደቅ አልሰማሁም። ስለ እሴት ከተነሣ ደግሞ የኩፐርቲኖውን ግድግዳ ከማንበብ ያንን መረብ መመልከት ይቀላል።

«እርስዎስ አለቀሱ፣ ጋሼ?»

«እኔ? ሰውየውን የት አውቄው! ያለቀስኩት ጥላሁን ሲሞት ነው። በፋሲካ ዕለት ደውለው ነገሩኝ። ያን ቀን ሥራም አልወጣሁ። አሜሪካዊ ሆኜ አሥር ዓመት አልፎኝ ነበር እኮ።»

ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በኤፕሪል 2009፣ ሥርዓተ ቀብሩም በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ጆብስ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የአልታ ሜሳ መካነ መቃብር ተቀብሯል፤ መቃብሩ ስም የለበትም። ያን ሁሉ ሕዝብ ላስለቀሰ ሰው፣ ለቤተሰቡ እረፍት ይህ ደግ ውሳኔ ይመስለኛል።

አዲሱን ክብ ሕንፃ ከሩቅ አየነው። በ2017 ተከፍቶ እስከ 12,000 ሠራተኛ የሚይዝ ነው። ለጎብኚ የተፈቀደው ከመንገዱ ማዶ ያለው ማዕከል ሲሆን፣ ቡና ይጠጣል፣ የኩባንያው ምልክት ያለበት ካናቴራ ይገዛል። ብዙ አልቆየሁም።

ስንመለስ ለጋሼ ስለ ዴኒስ ሪቺ ነገርኳቸው። ሲ የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የፈጠረ፣ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ከኬን ቶምፕሰን ጋር የሠራ ሰው ነው፤ እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ሥርዓት ዘሩ ሲቆጠር ከዩኒክስ ይደርሳል። መሞቱ የታወቀው ከጆብስ አንድ ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነበር፤ ዜናው በጆብስ ሐዘን ተውጦ ቀረ።

«እና ለእሱ ማንም አላለቀሰም?»

«የሙያው ሰዎች አዝነዋል። ሥራውን የሚያውቁት።»

«ታዲያ ምን ጎደለበት? የሚያውቀው ካለቀሰለት!»

እኔ አልተዋጠልኝም፤ በቁሙም በሞቱም ዓለም ሊያውቀው ይገባ ነበር አልኩ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እስከ ባቡር ጣቢያው ስንከራከር ሄደን ሳንስማማ ወረድኩ።