ዶሳ በአዲስ አበባ ብርድ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የ10 ዓመት ልጄንና የ7 ዓመት ወንድሟን ከስልክ ላይ ለማንሣት ስል፣ በየቅዳሜው የአንድ የውጭ አገር ምግብ አብረን እየሠራን ስለዚያ አገር እንድናወራ ወሰንሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጣሊያን፣ በሁለተኛው ቻይና፣ በሦስተኛው ሜክሲኮ ነበረች። በአራተኛው ቅዳሜ ስለ ጣሊያን ምን እንደሚያስታውሱ ብጠይቃቸው ትንሹ «ጣሊያን ምን አገባው፤ ፓስታ እኮ የእኛ ነው» አለኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፓስታ ሲበላ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይህ መልስ ስሕተት ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል። ታላቂቱም ብትሆን ከሦስቱ አገሮች ያስቀረችው የባንዲራዎቹን ቀለም ብቻ ነበር።

ስለዚህ ዕቅዱን ለወጥሁት፤ በቀረን ጊዜ አንድ አገር ብቻ፣ ከአገሩም አንድ አካባቢ ብቻ፣ ከአካባቢውም በዋናነት አንድ ምግብ እንዲሆን አደረግሁ። የመረጥሁት በሕንድ ደቡብ ምዕራብ ጠርዝ፣ በባሕሩ ዳር የተዘረጋችውን የኬረላን ግዛት ነው። ምክንያቴ ቀላል ነበር፤ አባቴን ሒሳብ ያስተማሩት የኬረላ ሰው ነበሩ፣ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባም ከዚያው ናቸው፣ ደግሞም የሚያስፈልገን ቅመም አብዛኛው (እርድ፣ ዝንጅብል፣ አብሽ፣ ሰናፍጭ፣ ቁንዶ በርበሬ) ከጓዳዬ አይጠፋም። ሕንድ 28 ግዛቶች አሏት፤ የቀሩትን 27ቱን በሙሉ ልቤ ተውኋቸው።

ምግቡ ዶሳ ነው፤ ከሩዝና ኡራድ ከሚባል ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ቦክቶ በምጣድ የሚጋገር ስስ ቂጣ። ሦስት ኩባያ ሩዝና አንድ ኩባያ የተከካ ኡራድ ለየብቻ ለስድስት ሰዓት ይነከራል፤ ከጥራጥሬው ጋር አንድ የሻይ ማንኪያ አብሽ ይጨመራል። ከዚያ በብሌንደር ከውኃ ጋር ተፈጭቶ ይቀላቀልና እንዲቦካ ይተዋል። ልጆቹ ወዲያውኑ ያነሡት ጥያቄ እርሾው የታል የሚል ነበር፤ አያታቸው ያለ እርሾ ሊጥ ስታቦካ አይተው አያውቁምና። ዶሳ ግን ከእህሉ ጋር አብረው በሚመጡት ጥቃቅን ሕዋሳት በራሱ ይቦካል፤ በኬረላ ሙቀት አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

የእኛው አንድ ሌሊት አልበቃውም። ነሐሴ ነበር፤ ጠዋት ክዳኑን ስከፍተው ሊጡ ማታ እንዳስቀመጥነው ድርቅ ብሎ ተኝቷል። ልጄ በጣቷ ነካ አድርጋ «እማዬ፣ ይሄ ሞቷል» አለች። እኔም ቁርስ ቀረ ብዬ ተናደድሁ። ይሁንና የዚያ ክረምት ዋናው ትምህርት የተገኘው ከዚህ ከከሸፈው ሊጥ ነው።

ካርታ ዘርግተን ኮቺን፣ ማለትም የኬረላን የወደብ ከተማ ፈለግን። ማስመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሶማሌ ምድርና በዓረብ ባሕር ላይ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ የሚያርፈው እዚያው አጠገብ ነው፤ እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነን፣ ኮቺ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ታዲያ ፀሐይዋ አንድ ከሆነች የእነርሱ ሊጥ በሌሊት ተነፍቶ የእኛው ለምን ተኛ? ትንሹ «እነሱ ጋ ክረምት የለም» አለ። ሆኖም አላቸው፤ የዝናቡ ነፋስ ኬረላ የሚደርሰው በግንቦት መጨረሻ ሲሆን እንዲያውም ከእኛው ክረምት ጋር ይገጣጠማል። በመጨረሻ መልሱን ያገኘችው ታላቂቱ ናት፤ የካርታውን ቀለም አይታ ኮቺ አረንጓዴ፣ አዲስ አበባ ቡናማ መሆኗን ተናገረች። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ እንደምንኖር ከመጽሐፍ ተምራ ታውቃለች፤ ከፍታ ብርድ መሆኑን ግን ያመነችው ሊጡ እምቢ ሲል ነው።

ሁለተኛውን ሊጥ በጋቢ ጠቅልለን፣ ባልተለኮሰ ኦቨን ውስጥ ከፈላ ውኃ ድስት ጎን አስቀመጥነው። ልጄ በየሦስት ሰዓቱ ከፍታውን በማስመሪያ እየለካች በደብተሯ መዘገበች፤ በ21ኛው ሰዓት እጥፍ ሆነ።

ከዚያ መጋገር መጣ። ትንሹ ጭልፋውን ይዞ አያቱ እንጀራ ስትጋግር እንዳየው ከምጣዱ ዳር ጀምሮ እያዞረ ወደ መሐል አፈሰሰ። የወጣው ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ዓይን የበዛበት ነገር ነበር፤ በግልጽ ለመናገር መጥፎ እንጀራ ነው። ዶሳ በተቃራኒው ነው፤ ሊጡ መሐል ላይ ይጣልና በጭልፋው ጀርባ እየዞረ ወደ ዳር ይሳባል፣ ዘይት ይንጠባጠብበታል፣ አክንባሎ አይከደንበትም፤ ስለዚህም ስስ ሆኖ ይንኮሻኮሻል። አራተኛውን ሲሠራ እጁ ተስተካከለ። ያን ዕለት ማታ ለአባቱ ያስረዳው «እኛ ከውጪ ወደ ውስጥ፣ እነሱ ከውስጥ ወደ ውጪ» በማለት ሲሆን፣ ይህን ከእኔ አልሰማውም።

ከዶሳው ጋር የሠራነው ምስርም ሌላ ልዩነት አሳየን። እኛ ቁሌት እናቁላላና ምስሩን በላዩ እንጨምራለን፤ እነርሱ ምስሩን ከእርድ ጋር ቀቅለው ካበቁ በኋላ ሰናፍጭና ካሪ ቅጠል በጋለ ዘይት አፈንድተው መጨረሻ ላይ ያፈሱበታል። ሰናፍጭ በዘይት ውስጥ እንደ ፈንዲሻ እንደሚዘል አላሰብሁበትም ነበርና ልጄ አንጓዋ ላይ ተቃጠለች፤ ጠባሳ ባይተውም ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ክዳኑ ካልተዘጋጀ ሰናፍጩ አይገባም፤ ዘይቱንም የምይዘው እኔ ብቻ ነኝ።

በርበሬ ስንጨምር ከሕንድ ወደ እኛ መጣ ወይስ ከእኛ ወደ ሕንድ ሄደ የሚል ክርክር ተነሣ። ቀዩ በርበሬ የሁለታችንም አይደለም፤ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው፤ ወደ ሕንድ የገባው ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 በዚያው በኬረላ ዳርቻ ካሊከት ከደረሰ በኋላ በፖርቱጋሎች አማካይነት ነው። የዚያ ዳርቻ ጥንታዊ ሀብት ቁንዶ በርበሬ ነው፤ ፖርቱጋሎችን ያመጣቸውም እርሱን ፍለጋ ነበር። ዶሮ ወጥ ያለ በርበሬ ምን ነበር የሚለው ጥያቄ እስከ መኝታ ሰዓት ቆየ። ሩዙ ሲነከር ለሃያ ደቂቃ ያህል የሰጠሁትን የታሪክ ገለጻ ግን ማንም አላዳመጠም፤ ልጆቼ የሚጠይቁት እጃቸው ሥራ ላይ ሲሆን ነው።

የከፋው ስሕተቴ የተገለጠው የባለቤቴን ባልደረባ ለምሳ በጠራን ቀን ነው። ልጄ ሳህኑን እያቀረበች «ጋሼ፣ እርስዎ ሥጋ ስለማይበሉ ምስር ብቻ ነው የሠራንልዎ» አለቻቸው። ሕንዶች ሥጋ አይበሉም ብዬ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። እርሳቸው ሳቁና እናታቸው የበሬ ሥጋ በቁንዶ በርበሬና በኮኮናት ጠብሰው እንደሚያበሏቸው፣ እርሳቸውም ኦርቶዶክስ ክርስቲያን እንደሆኑ ነገሯት። ልጄ ዞራ አየችኝ፤ የምገባበት ጠፋኝ። የእርሳቸው ቤተ ክርስቲያን ከእኛይቱ ጋር እኅትማማች መሆኗን፣ የሁለቱም አባቶች ከግብጽ፣ ከሶርያና ከአርመን አቻዎቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1965 በዚሁ በአዲስ አበባ ተሰብስበው እንደነበር እኔም ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በማግሥቱ ልጄ ደብተሯ ላይ «ሕንዶች» ብላ የጻፈችውን ሁሉ እየሰረዘች «አንዳንድ ሕንዶች» በሚል ተካችው፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ «ጋሼ» ብቻ ብላ ጻፈች።

ዘንድሮ ትንሹ ከዚያው ሊጥ በእንፋሎት የሚበስለውን ኢድሊ እንሥራ ብሎ ያዘኝ። የኢድሊ ማብሰያ ስለሌለን ሊጡን ዘይት በተቀቡ የቡና ሲኒዎች አድርገን፣ ሲኒዎቹን ትንሽ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ ደርድረን ከደንነው። በ12 ደቂቃ በሰለ። ከስድስቱ ሲኒዎች አንዱ ተሰነጠቀ፤ የቀሩት አምስቱ ኢድሊዎች ግን ነጭና ክብ ሆነው ወጡ፣ የሲኒው ወለል ክብ ምልክትም ከሥራቸው ታትሞባቸዋል።