ከሰሉ ከየትኛው ዛፍ ነው?

ኅዳር ገብቶም ይዘንባል። ከትናንት ጀምሮ ልቤ ከብዷል። ምን ሆነሽ ብትሉኝ ከዝናቡ ሌላ የምጠቅሰው የለኝም። ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ብሎኮች ጀርባ አንዲት የጤፍ ማሳ አለች። ጤፉ ደርሷል። በዚህ ሰዓት የሚወርድ ዝናብ ያስተኛዋል፣ ፍሬውን ያረግፈዋል፣ ታጭዶ የተከመረውንም ያበሰብሰዋል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከመሆኑ በፊት ሁሉም እንዲህ ማሳ ነበር። አሁን የቀረችው ያቺ ቁራጭ ናት።

እንዲህ ሲሰማኝ የሚያረጋጋኝ ቡና ነው። መብራት ጠፍቷል። ስለዚህ ከሰል። እጄን ጆንያው ውስጥ ሰድጄ አንዱን አወጣሁ። ከባድ ነው፤ የቅርፊቱ መስመር ሳይቀር ይታያል። ይሄ ከየትኛው ዛፍ ነው? አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጤፉም ስለ ቡናውም አላሰብኩም።

ለአካባቢ ብዬ የማደርጋቸው ነገሮች አሉ፤ አብዛኞቹ አይከብዱም። ገበያ ስወጣ ዘንቢል እይዛለሁ። በ2017 ዓ.ም ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ ሲጸድቅ ደስ ብሎኛል፤ የአቃቂን ወንዝ ዳር ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ባዶ ሃይላንድ ለቆራሌው አጠራቅማለሁ። ልብስ ያጠብኩበትን ውሃ ሽንት ቤት እደፋዋለሁ፤ ይሄ እንኳን ምርጫ አይባልም፣ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የሰፈሩ ሁሉ ኑሮ ነው። ከሰል ግን ይከብደኛል።

ከሰል እንዴት እንደሚከስል ያየ ያውቃል። እንጨቱ ይቆለላል፣ በሣርና በአፈር ይሸፈናል፣ አየር አጥሮት ለቀናት ይጨሳል። በዚህ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ይሄዳል። የእንጨቱ ኃይል አብዛኛው እዚያው ጢስ ሆኖ ይቀራል። ቤቴ የገባው አንድ ጆንያ ነው፤ ለሱ የተቆረጠው ግን ስንት ጆንያ ይሞላ ነበር?

በኤሌክትሪክ ተጠቀሚያ ትሉኝ ይሆናል። እጠቀማለሁ። ወጡም እንጀራውም በኤሌክትሪክ ነው፣ ኃይል ሲኖር። የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው የሚመጣው፤ ይሄ ብዙ አገር ያላገኘው ዕድል ነው። ህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ግን ውሃ ማለት ዝናብ ነው። ግንቦት 2011 መብራት በፈረቃ የሆነበትን ሰሞን አልረሳሁም። ያኔ ገና እማዬ ጋ ነበርን። የተነገረን ምክንያት የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ መቀነሱ ነበር። ጎረቤቱ በሙሉ ወደ ከሰል ተመለሰ። ዝናብ ሲያጥር ግድቡ ይጎድላል። ግድቡ ሲጎድል ዛፍ እናነዳለን። ዛፉ ሲያልቅ ደግሞ አፈሩ እየታጠበ ግድቡ ውስጥ ይገባል። ይሄን ዙር የሆነ ቦታ ላይ መበጠስ የሚቻል ከሆነ፣ ያ ቦታም የኔ ማድቤት ከሆነ፣ መበጠስ እፈልጋለሁ። ከልቤ ነው።

ባለፈው እትዬን ጠየቅኳቸው። ከብሎካችን ሥር በጣሳ እየሰፈሩ የሚሸጡት እሳቸው ናቸው።

"እትዬ፣ ይሄ ከሰል ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከሹፌሩ ነዋ ልጄ።"

ተሳሳቅን። ከዚያ ግን ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ሁለት ዓይነት አላቸው። አንደኛው የግራር ነው። ከቆላ ይመጣል፣ ከባድ ነው፣ ፍሙ ይቆያል። ሌላው የጎጃም ነው። ቀለል ይላል፣ ቶሎ ያልቃል። "ሰው ግራር ነው የሚለኝ። የጎጃሙን ስሰፍርለት ፊቱ ይጠቁራል" አሉኝ።

የጎጃም ሲሉ ጆሮዬ ቆመ። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ የሚባል ወረዳ አለ። እዚያ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ በገዛ ማሳው ላይ ይተክላል። የመጀመሪያውን ዓመት ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል። በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆርጠዋል፣ ያከስለዋል፣ መልሶ ይተክላል። የወረዳው የዛፍ ሽፋን በዚህ ምክንያት ጨምሯል። እርግጥ ዛፉ እንደ ባህር ዛፋችን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። የራሱ ጣጣም አለው፤ በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበታል። ቢሆንም ሲቆረጥ የሚተካ ዛፍ ነው።

የቆላውን ግራርስ ማን ተከለው? ማንም። በራሱ የበቀለ ነው። ለማደግ ዕድሜ ይፈልጋል፣ ፍየሉም ግመሉም ከሱ ይበላል፣ ሰውም ከብቱም ከሥሩ ይጠለላል። ጥሩ ከሰል ብለን መርጠን የምንገዛው እሱን ነው። የከበደኝ ይሄ ነው። አክሳዩን ልኮንነው አልችልም። ከ2013 ጀምሮ ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲቀር፣ ከብቱ ሲያልቅ አይተናል። ከብቱ ያለቀበት ሰው ግራር ቆርጦ ቢያከስል ምን እለዋለሁ? ምርጫ ያለኝ እኔ ነኝ። ጣሳ ፊት ቆሜ "ግራር ይሁንልኝ" የምለው እኔ ነኝ።

እትዬንም አስባለሁ። የልጅ ልጃቸውን የሚያስተምሩት በዚያች ጣሳ ነው። ከነጭራሹ አልገዛም ብል፣ የላይኛዋ ጎረቤቴም አልገዛም ብትል፣ ዛፉ ሳይሆን መጀመሪያ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው። የጎጃሙን ብቻ ብንጠይቃቸውስ? በግራሩ ዋጋም ቢሆን? ይሄን ለባለቤቴ ስነግረው፣ "ነጋዴው ይሰማና ግራሩን የጎጃም ነው ብሎ ያቀርብልሻል" አለኝ። ሊሆን ይችላል። ግን እኮ በእጅ ሲመዘን ይለያል። አሁን ለይቻቸዋለሁ። ሌሎቹም ሴቶች ቢያዩት ይለዩታል። ለማኅበር ስንሰበሰብ አነሳዋለሁ።

እስከዚያ እሁድ አለ። እማዬ ትመጣለች። ቡና በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲፈላ አትወድም። ረከቦቱ ቀርቦ፣ ፍሙ ታይቶ፣ ዕጣኑ ካልጨሰ ለሷ ቡና አልተፈላም። ይህን ልነፍጋት አልፈልግም። እኔም ራሴ ከሷ ጋር ሳልቸኩል መቀመጥ ናፍቆኛል። የጎጃሙ ደግሞ፣ እትዬ እንደሚሉት፣ በረካ ሳይደርስ ይከስማል። ግራር ልግዛ ወይስ ከቶናው በኋላ ሌላ ፍም እየጨመርኩ ላፍላላት?