ያልጠየቃችሁት ማንን ነው?

9ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ላይ ስታቲስቲክስና ፕሮባቢሊቲ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። የመጨረሻ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ፈተና ሲደርስ በሩጫ ይታለፋል። አማካይ፣ ሚዲያን፣ ሞድ፣ በቃ። ልጆቹ የተሰጣቸውን ሰንጠረዥ ደምረው ያካፍላሉ፤ ቁጥሮቹ ከየት መጡ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ደግሞ የምዕራፉ ቁም ነገር እዚያ ጋ ነው ባይ ነኝ። መደመርና ማካፈሉንማ ስልካቸውም ይሠራላቸዋል።

ስለዚህ እዚህ ሐዋሳ የማስተምራቸውን ልጆች መጀመሪያ ወጥታችሁ ዳታ ሰብስቡ እላቸዋለሁ። ርዕሱን ራሳቸው ይመርጣሉ። አንድ ቡድን "ኢንተርኔት ያላቸው ተማሪዎች ስንት ናቸው?" የሚል ጥያቄ ይዞ መጣ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዴት ልትጠይቁ ነው ስላቸው "የክፍላችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፖል እንለቃለን" አሉ። ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ "ኢንተርኔት የሌለው እኮ ፖሉንም አያየውም" አለች። ጎበዝ! ባያስ (መረጃው ወደ አንድ ወገን መዛባቱ) ማለት ይኸው ነው።

"ብዙ ሰው ብንጠይቅስ?" የሚል ሁሌም አይጠፋም። ለእሱ እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ የሆነውን እነግረዋለሁ። ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል መጽሔት ፕሬዚዳንት ማን እንደሚሆን ለማወቅ 10 ሚሊዮን ገደማ መጠይቅ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ አገኘና ላንደን ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። ስሞቹ በብዛት የተገኙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ደግሞ ደህና ኑሮ ያለው ሰው ነው። ከተላከላቸውም የመለሱት ከአራት አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ጋሉፕ የሚባል የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ግን በ50 ሺህ ሰው ገደማ አሸናፊውን በትክክል ተናገረ። የተዛባ አመራረጥ ላይ ሚሊዮን ቢጨመርበት ያው የተዛባ ነው።

የእኔ ልጆች በጣም የሚወዱት ግን አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ የምንሠራውን ነው። "ሐይቃችን ውስጥ ያለው ቆሮሶ ዓሣ በአማካይ ስንት ሳንቲ ሜትር ይረዝማል?" እላቸዋለሁ። ማስመሪያ ይዘው ጠዋት ዓሣ ገበያው ይወርዳሉ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ይግባባሉ፣ ይለካሉ፣ እጃቸው ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ይመለሳሉ። አማካዩን ያሰላሉ። ከዚያ ጥያቄዬን እጠይቃለሁ፤ ያልለካችሁት የትኛውን ነው? ቆሮሶው የተያዘው በመረብ ነው። ከመረቡ ዓይን ያነሰው ሾልኮ ሄዷል። ስለዚህ ያሰሉት አማካይ መረብ የያዘውን ዓሣ እንጂ የሐይቁን ዓሣ አይነግራቸውም። ገበያው ውስጥ ሺህ ዓሣ ቢለኩም ያው ነው። አንዳንዱ ወዲያው "የተለያየ ዓይን ባላቸው መረቦች ቢጠመድስ?" ይላል። የዓሣ ተመራማሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ሲነገራቸው ፊታቸው ላይ የሚታየውን ደስታ ብታዩ!

ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሆን መፍትሔው ይቀላል። የስም ዝርዝሩ አለ፣ እጣ ይወጣል። ጓደኛ መጠየቅ፣ በር ላይ ቆሞ የመጣውን መያዝ፣ ከፊት ወንበር መጀመር የለም። ፈረቃ ካለ ከጠዋቱም ከከሰዓቱም በተማሪው ብዛት ልክ ለየብቻ ይወጣል። እጣ የወጣለት ቀርቶ ከሆነ ሌላ ቀን ፈልጎ መጠየቅ ነው እንጂ በአጠገብ ባለው መተካት አይቻልም። ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅና ሁሌ የሚገኝ ልጅ መልሳቸው አንድ ላይሆን ይችላል።

ሰዉ በትክክል ተመርጦም መልሱ ሊዛባ ይችላል። አስተማሪ ፊት ቆሞ "ፈተና ኮርጀህ ታውቃለህ?" ሲባል አዎ የሚል ማን ነው? እኔ ሳንቲም ነው የምጠቀመው። እያንዳንዱ ለብቻው ይወረውራል፣ ለማንም አያሳይም። አንበሳው ከወጣ ኮረጀም አልኮረጀም "አዎ" ይጽፋል። ሌላው ጎን ከወጣ እውነቱን ይጽፋል። አዎ ያለውን ልጅ ኮራጅ ነው ማለት አይቻልም፤ የክፍሉን ግን መገመት ይቻላል። ለምሳሌ ከ60 ልጆች 42ቱ አዎ አሉ እንበል። ሳንቲም ግማሽ ጊዜ ያህል አንበሳ ስለሚወጣ 30 ያህሉ በአንበሳ ምክንያት ነው። የቀረው 12 ከ30 ነው፣ 40 በመቶ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንዱ እጁን ያወጣል። "አንበሳው ልክ 30 ባይወጣስ?" ትክክል ነው፣ ላይወጣ ይችላል። 26 ከሆነ ግምቱ 16 ከ34 ይሆናል፣ 47 በመቶ ገደማ። 34 ከሆነ ደግሞ 8 ከ26፣ 31 በመቶ ገደማ። ይህን ያህል ልዩነት ምን ያህል ጊዜ ያጋጥማል? ሳንቲሞቹን ደጋግመው እንዲወረውሩና እንዲመዘግቡ አደርጋለሁ። ፕሮባቢሊቲን የምጀምረው ከዚያ ነው።