የደላንታ ድንጋይ በሲሎም

ታይላንድ ውስጥ የምነግድበትን ድንጋይ በገዛ እጄ ሞርጄ ማለስለስ አልችልም። ደሴ ሳለሁ ሁለት ዓመት ያህል ሞረድ ላይ ተቀምጬ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ጠርቤያለሁና ሙያው እንግዳዬ አይደለም፤ የሚከለክለኝ ሕጉ ነው። ለታይላንድ ዜጎች ብቻ በተለዩት የሥራ ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ፣ ከፀጉር ማስተካከልና ከእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ጋር፣ አልማዝንና የከበሩ ድንጋዮችን መቁረጥና ማለስለስም ሰፍሯል። የእኔ የሥራ ፈቃድ የሥራ አስኪያጅ ነው። ድንጋዩን አያለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ዋጋ እሰጣለሁ፣ አሽጌ እልካለሁ፤ ከሞረድ ጋር ማገናኘቱ ግን የሌላ ሰው ድርሻ ነው።

ከአገር ቤትም ከዱባይም እየደወሉ ባንኮክ ውስጥ ንግድ ስለ መክፈት የሚጠይቁኝ ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከካፒታሉ ነው። እርሱ በደንብ የተቀመጠ ነገር ነው፤ ለአንድ የውጭ አገር ሰው የሥራ ፈቃድ እንዲሰጥ ኩባንያው በመደበኛው አሠራር 2 ሚሊዮን ባት (የታይላንድ ገንዘብ) የተከፈለ ካፒታልና አራት ታይላንዳውያን ሠራተኞች ሊኖሩት ይገባል። እኔ ግን መልሼ የምጠይቃቸው፣ እዚህ አገር አብሯቸው የሚሠራ፣ የሚያውቁትና የሚያውቃቸው ሰው እንዳላቸው ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ንግዱን የሚያቆመውም የሚጥለውም ይህ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ስለዚሁ በሰፊው መጻፍ ፈልጌያለሁ።

በታይ አቆጣጠር በ2542፣ በእኛ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሰዎችን የንግድ ሥራ የሚመለከተው ሕግ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ አክሲዮኑ በውጭ ሰዎች የተያዘን ኩባንያ የውጭ ኩባንያ ይለዋል። አነስተኛ ችርቻሮ፣ የምግብና የመጠጥ ሽያጭ፣ አብዛኛው የአገልግሎት ሥራም እንዲህ ላለው ኩባንያ ያለ ልዩ ፈቃድ ዝግ ነው። በዚህ ምክንያት አብዛኛው ትንሽ ነጋዴ 51 በመቶውን ለታይላንዳውያን ሰጥቶ በ49 በመቶ ይገባል። እዚህ ላይ ነው ፈተናው የሚመጣው። በመጀመሪያው ወር ምክር ፍለጋ የሄድኩበት አንድ የሒሳብ ሥራ ቢሮ፣ በሕይወቴ አይቻቸው የማላውቃቸውን የሦስት ሰዎች ስም የያዘ ወረቀት ፊቴ ላይ ዘርግቶ፣ በዓመት ጥቂት ገንዘብ እየከፈልኩ በስማቸው እንድነግድ ሐሳብ አቀረበልኝ። በስም ብቻ ባለአክሲዮን ማስቀመጥ ለሁለቱም ወገን እስከ ሦስት ዓመት እስራትና ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ባት ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ በዚያች ሰዓት ከወንበሬ ያስነሣኝ የማላውቀው ሰው የንብረቴ ባለቤት የመሆኑ ፍርሃት ነበር።

ዛሬ ሸሪኬ የሆኑትን ሴት ያገኘኋቸው በማሄሳክ ጎዳና ነው። ማሄሳክ ከሲሎም ጎዳና ገባ የሚል፣ የባንኮክ የከበረ ድንጋይ ነጋዴዎች የተሰበሰቡበት ሰፈር ሲሆን፣ ከሕንድ፣ ከስሪላንካ፣ ከጊኒና ከማሊ የመጣ ነጋዴ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ድንጋይ የተጠቀለለበት የታጠፈ ነጭ ወረቀት ይዞ የሚመላለስበት ቦታ ነው። ሴትየዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰንፔር ሲጠርቡ የኖሩ ሲሆን፣ ከባለቤታቸው ጋር ሁለት ማሽን ያላት ጠባብ ቤት ነበረቻቸው። እኔ የምጠራቸው «ፒ» እያልኩ ነው። ፒ በታይ ቋንቋ ታላቅ እኅት ወይም ታላቅ ወንድም ማለት ሲሆን፣ ዘመድ ላልሆነም ሰው ስለሚባል እንደ እኛ ጋሼና እትዬ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ስንሸራከት ማሽኖቻቸውንና ያጠራቀሙትን ገንዘብ አስገቡ። መዝጋቢው መሥሪያ ቤትም ገንዘቡ የእርሳቸው ለመሆኑ የባንክ ማስረጃ ስለ ጠየቀ፣ ደብተራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አብረን ሄድን።

የመጀመሪያዋን ኦፓል ሞረዱ ላይ ያስቀመጡበትን ቀን አልረሳውም። በወሎ፣ በደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ በ2000 ዓ.ም. የተገኘው ኦፓል ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ነው። ሰንፔር ሲሞረድ ውኃ እየፈሰሰበት ስለሆነ፣ ፒም እንደ ልማዳቸው ውኃውን ለቀቁበት። ቀይና አረንጓዴ እሳት ስትረጭ የነበረችው ድንጋይ ጥቂት ቆይታ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ጠራች፤ ቀለሟ ድራሹ ጠፋ። ማሽኑን አጠፉና ድንጋይዋን መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ መብራቱ አስጠጉ፣ ገለበጧት፣ እንደገና አስጠጉ። ከዚያም መዳፎቻቸውን አጋጥመው ግንባራቸው ድረስ ከፍ አድርገው ይቅርታ ጠየቁኝ። የሰው ንብረት ያበላሹ መስሏቸው ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ታይኛዬ የገበያ ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ «ሳም ዋን» ብዬ ሦስት ጣቶቼን አሳየኋቸው፤ ሦስት ቀን ማለት ነው። ድንጋይዋን ጥጥ ላይ አስቀምጠን ዘጋናት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ስንከፍታት ደርቃ እሳቷ ተመልሶ ነበር፤ ፒ ባለቤታቸውን ጠርተው አሳዩአቸው፤ ጎረቤትም ተጠርቶ አየ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩን አብረን አበጀን። ሰንፔር እንጨት ጫፍ ላይ የሚጣበቅበት ትኩስ ሰም ኦፓልን ስለሚሰነጥቅ በማጣበቂያ ተካነው። ውኃውን በጠብታ አደረግነው። የሰንፔር ጥንካሬ በሞህስ የድንጋይ ጥንካሬ መለኪያ 9 ሲሆን የኦፓል 6 ገደማ በመሆኑ፣ ፒ የእጃቸውን ጫና ለመቀነስ ብዙ ሳምንታት ወስዶባቸዋል። ይህን ሁሉ ያስተማርኳቸው ከወንበሩ ማዶ ቆሜ በቃልና በምልክት ነው። እጄ እየበላኝ መቆሙን መጀመሪያ ላይ ከባድ ሸክም አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ ነገር ግን የማውቀውን ነገር በሰው እጅ ውስጥ ለማስገባት ያደረግኩት ጥረት ታይኛን ያስተማረኝን ያህል ትምህርት ቤት አላስተማረኝም።

አንድ ጊዜ ግን ሁለታችንንም የጎዳ ነገር ተፈጠረ። አገር ቤት በከፊል ተጠርቦ የመጣ አንድ ዕቃ ውስጥ፣ ብዙዎቹ ድንጋዮች ሲደርቁ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አወጡ። ፒ ይህን ካዩ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር፤ አልነገሩኝም። ዕቃውን የመረጥኩት እኔ ስለ ሆንኩ እንዳላፍር ብለው ነው። ታይላንዳውያን «ክሬንግ ጃይ» የሚሉት ይህ ስሜት ከእኛ ይሉኝታ ጋር አንድ ሊባል የሚችል ነው። በይሉኝታ ያደግኩ ሰው እንደመሆኔ፣ በዝምታቸው ውስጥ ያለውን ወዲያው ማንበብ ይገባኝ ነበር ብዬ አዝናለሁ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከዚያው ዕቃ ሁለተኛ ዙር አዝዤ ከፍዬ ነበር። የመጣልኝም ዕቃ እርጥብ እያለ የተመዘነ ኖሮ፣ በስድስት ቀን ውስጥ ከመቶ ሰባት እጅ ክብደቱን አጣ። የላከልኝን ነጋዴ ስጠይቀው ሚዛኑ ትክክል ነበር አለኝ፤ ውኃውንም በድንጋይ ዋጋ መግዛቴን ግን ሊክድ አልቻለም። አሁን ከፒ ጋር ያለን ስምምነት፣ መጥፎ ወሬ ያለበትን ድንጋይ ቢጫ ወረቀት ውስጥ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ እንዲተዉልኝ ነው። መናገር አይጠበቅባቸውም፤ እኔም ምክንያቱን አልጠይቅም፤ ከፍቼ አያለሁ።

አርብ ሲደርስ አንዳንድ ጊዜ ከባንኮክ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ወደ ሁለት መቶ አምሳ ኪሎ ሜትር ግድም ወደምትርቀው ወደ ቻንታቡሪ እንሄዳለን። የድንጋይ ገበያው ከአርብ እስከ እሑድ የሚቆም ሲሆን፣ ከለመድነው ገበያ የሚለየው ገዢው ጠረጴዛ ተከራይቶ ተቀምጦ፣ ሻጭና ደላላው ድንጋዩን ይዞ በየጠረጴዛው የሚዞርበት መሆኑ ነው። ገዢው ዋጋ ሲሰጥ፣ ደላላው ወረቀቱን በፕላስተር አሽጎ ዋጋውን ይጽፍበትና ወደ ባለቤቱ ይሮጣል፤ ባለቤቱ እስኪመልስ ድረስ ያ እሽግ ለሌላ ገዢ አይከፈትም። በ2009 ዓ.ም. በትግራይ በአክሱም አካባቢ የተገኘው ሰንፔርም እንደ ሌላው የአፍሪካ ሰንፔር ቀለሙ እንዲያምር በታይላንድ እቶኖች ውስጥ በሙቀት ይታከማል፤ የቻንታቡሪ ሰዎች በዚህ ሙያ በዓለም የታወቁ ናቸው። የአገሬን አፈር በሰው አገር እቶን ዳር ማግኘት ደስታም ቁጭትም አለበት፤ ሙያው እኛም ጋ ቢኖር ብዬ በየጊዜው እመኛለሁ።

የወረቀቱን ሥራ ባሳጥረው ይሻላል። በየ90 ቀኑ አድራሻን ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ፣ አከራይ እንግዳው ከገባ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስመዘግብ ማሳሰብ፣ በየዓመቱ ቪዛን ማራዘም፣ የዓመት ሽያጩ ከ1.8 ሚሊዮን ባት ሲያልፍ ለ7 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ መመዝገብ ነው። ቀኑን የሚያስታውስ ሰው አይቸገርም። ቀኑን ማስታወሱ ግን ለሐበሻ የራሱ ልዩ ሥራ አለው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወረቀት 2017 ዓ.ም. ሲል፣ የእኔ የታይ ደረሰኝ 2568፣ የአውሮፓ ደንበኛዬ ትእዛዝ ደግሞ 2025 ይል ነበር። በእኛና በታይ አቆጣጠር መካከል ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 550፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 551 ዓመት ስላለ፣ በግድግዳዬ ላይ ሦስት የቀን መቁጠሪያ ሰቅያለሁ።

ሰዓቱ ግን አስገርሞኛል፤ አጽናንቶኛልም። ታይላንዳውያን በንግግር ከምሽቱ በፈረንጅ ሰባት ሰዓትን «ኔውንግ ቱም»፣ ስምንትን «ሶንግ ቱም» ይላሉ፤ ኔውንግ አንድ፣ ሶንግ ሁለት ነው። እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ድረስ ቁጥሩ ከእኛው ጋር አንድ ነው። ፈረንጅ የሚለውም ቃል እዚህ «ፋራንግ» ሆኖ ጠበቀኝ፤ ነጭን ሰውና ዘይቱንን በአንድ ስም ይጠሩበታል። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ፍሬ ሻጭ «ፋራንግ፣ ፋራንግ» ስትል ዞሬ ማንን እንደምትጠራ የፈለግኩት ለዚህ ነው።

በዐቢይ ጾም ቢጫ ሰሌዳ ላይ በቀይ የተጻፈውን የ«ጄ» ምልክት እፈልጋለሁ። ጄ የሚባለው ምግብ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የማይገባበት የቡድሂስቶች የጾም ምግብ ነው። ሌላ ቦታ አትክልቱ ሁሉ የዓሣ መረቅ ስለሚነካው፣ ጾሜን በሰላም የምጨርሰው በእነዚያ ቤቶች ነው። ፒም ይህን ካወቁ በኋላ በሁዳዴ ምሳዬን ከጄ ቤት አዝዘው ያስመጡልኛል፤ እርሳቸው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ የጄ ሰሞናቸውን ሲይዙ ደግሞ እኔ አመጣላቸዋለሁ።

ባለፈው ሰኞ ከደላንታ አዲስ ዕቃ ገብቷል። ነጭ ትሪ ላይ ዘርግተን በየማለዳው እንመዝነዋለን፤ ቁጥሩን ፒ በታይ፣ እኔ በግዕዝ አኃዝ አንድ ደብተር ላይ ጎን ለጎን እንጽፋለን። ትናንትና ዛሬ ክብደቱ አልተለወጠም። አሁን ስልኬ ላይ «ሶንግ ቱም» የሚል መልእክት ልከውልኛል፤ ማታ በሁለት ሰዓት ትሪውን አብረን አይተን፣ ነገ የትኛው ድንጋይ መጀመሪያ ሞረድ ላይ እንደሚወጣ እንመርጣለን።