ሐይቅ ላይ መቆሚያ ይሠራልን

ከደሴ እስከ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ለሚነሳም ሩቅ አይደለም። እሑድ ሲሆን ሚኒባሱ ዓሣ ሊበላ በሚሄድ ሰው ይሞላል። ጥብሱ በሎሚና በዳጣ ይቀርባል፣ ሰዉ ጠግቦ ይመለሳል። ዓሣውን ራሴ ልያዝ የሚል ሰው ግን የት ይቆማል? ዳሩ ወይ ጭቃ ነው፣ ወይ ፊላ ነው፣ ወይ የሰው አጥር ነው። ታንኳውና መረቡ የአስጋሪዎቹ እንጀራ ነው፣ አይነካም። እኔ የምለው፣ ማንም ገብቶ መንጠቆ የሚጥልበት የሕዝብ መቆሚያ ሐይቁ ላይ ይሠራልን። በያጅ ነኝ። እንዲህ ያለውን ነገር በዓይኔ አይቼ፣ ብረቱን በእጄ ዳብሼ ነው የመጣሁት።

ወንድሜ የሚኖረው ሲያትል ነው። ከተማዋ ያለችው ዋሽንግተን በሚባለው ስቴት ውስጥ ነው። ፕሬዚዳንቱ ያለበት ዋሽንግተን አይደለም፣ ያ በአገሩ ሌላ ጫፍ ነው። በአንድ በኩል ፒዩጀት ሳውንድ የሚሉት ወደ ውስጥ የገባ ባሕር አለ፣ በሌላ በኩል ሐይቆች አሉ። ባሕሩም ሐይቁም ላይ ፒር ታገኛላችሁ። ከዳር ተነስቶ ውኃው ላይ የሚዘረጋ መሄጃ ማለት ነው። ሰዉ አጥሩን ተደግፎ ዓሣ ያጠምዳል። ጀልባ የሌለው ሰው ጥልቅ ውኃ ላይ የሚደርሰው በዚህ ነው።

ካየኋቸው ሁሉ የወደድኩት ከሲያትል ወደ ሰሜን፣ ኤድመንድስ ያለውን ነው። ከወንድሜና ከጓደኞቹ ጋር የሄድነው የሳልሞን ጊዜ ነበር። ፒንክ የሚሉት ሳልሞን ወደዚያ ባሕር በብዛት የሚገባው በእነሱ አቆጣጠር በጎዶሎ ዓመት ነው፤ 2021፣ 2023፣ 2025 እያለ ይሄዳል። የዓሣው ዕድሜ ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ነው። ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ ተመልሶ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። በዚያ ሰሞን ፒሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆመው። አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም ሰምቻለሁ።

የእኔን ቀልብ ግን የያዙት አጠገባችን የቆሙ አንድ ቬትናማዊ ሽማግሌ ናቸው። የሽቦ ወጥመድ ውስጥ የዶሮ እግር ያስሩና በገመድ ወደ ታች ይለቁታል። ቆየት ብለው ሲጎትቱት ሸርጣን ይዞ ይወጣል፣ ዳንጀነስ የሚባለውን ትልቁን። አንዷን ከኋላ በኩል ይዘው ገለበጧት። ሆዷ ላይ ያለውን ክዳን በአውራ ጣታቸው ነካ አድርገው አሳዩኝ። ሰፊ ነው፤ ሴት ናት። ወዲያው ወደ ውኃው መለሷት። የቀጣዩ ክዳን ጠባብና ሹል ነው፤ ወንድ። ከኪሳቸው የፕላስቲክ መለኪያ አውጥተው ጀርባው ላይ ገጠሙት። ደንቡ 6 ኢንች ከሩብ ይላል፣ ወደ 16 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ትንሽ ጎደለው። እሱም ተመለሰ። ተቆጣጣሪ የሚባል ሰው አካባቢው ላይ አልነበረም። ልኩን የሞላ ሲያገኙ ደግሞ የያዙትን የሚመዘግቡበትን ካርድ አውጥተው እዚያው በእስክሪብቶ ሞሉት።

ለነገሩ 15 ዓመት የሞላው ሁሉ ፈቃድ መግዛት አለበት። የባሕሩ ፈቃድ ሌላ ነው፣ የሐይቅና የወንዙ ሌላ። ሁለቱን በአንድ የያዘም አለ፣ ወንድሜ ያለው እሱ ነው።

ሥራዬ ነውና አሠራሩን አጥብቄ አየሁት። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ልዩነቱ ሦስት ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። ሲጎድል ከስር ያለው ምሰሶ በዛጎል ተሸፍኖ ይታያል። ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ድሮ ምሰሶው ክሪዮዞት የሚባል ጥቁር ዘይት የጠጣ ግንድ ነበር። ዘይቱ የዓሣ እንቁላል እንደሚጎዳ ስለታወቀ ስቴቱ አሮጌዎቹን ግንዶች እያስነቀለ ነው። አሁን የሚተክሉት ብረትና ኮንክሪት ነው። ካየኋቸው ፒሮች ባንዳንዶቹ ላይ አጥሩ የሆነ ቦታ ላይ ዝቅ ተደርጓል። በዊልቸር የመጣ ሰውና ሕፃን ልጅ እንዲደርስበት ነው። ያቺን ዝቅታ ያሰበ ሰው ይባረክ።

ሐይቆቹ ላይ ግን ብዙ ቦታ ያየሁት ተንሳፋፊ ነው፤ ለእኛ የሚሆነውም እሱ ነው። የእኛ ሐይቅ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በአንቀርቀሃ ወንዝ ውኃ ይገባለታል እንጂ ፈሶ የሚሄድበት በር የለም። ዝናብ ሲበዛ ይሞላል፣ ዝናብ ሲያጥር ከዳሩ ይሸሻል። ቋሚ ምሰሶ ላይ መድረክ ብንሠራ አንዱን ዓመት ውኃ ይውጠዋል፣ ሌላውን ዓመት ጭቃ ላይ ይቀራል። ተንሳፋፊ ከሆነ ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

ዕቃው ሁሉ ኮምቦልቻና ደሴ ይገኛል። ስር ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል፣ አፉ በደንብ የታሸገ። በርሜሉን የሚይዘው ፍሬም ቱቦላሬና አንጎላሬ ብረት፣ አንቲረስት ሁለቴ የተቀባ። ላዩ የባሕር ዛፍ ጣውላ። ከዳር የሚያገናኘው መሸጋገሪያ በማጠፊያ ይያዛል፣ ያለዚያ ውኃው ሲወርድ ይሰበራል። መልሕቁ ኮንክሪት የተሞላ ጎማ በሰንሰለት ይሆናል። አጥሩ የግድ ነው። መሀሉ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ውኃ ነው፣ ቀልድ የለም። ስለዚህ ሩቅ መግባት አያስፈልግም። ፊላውን አልፎ ጥቂት ሜትር ይበቃል።

ፊላውን አልፎ ያልኩት ለዓሣውም ብዬ ነው። ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ፣ ለሐይቁ እንግዳ ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ተለቆ የተራባ ነው። የሚራባው ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ነው። እናቲቱ እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድጋቸው። እሷ ከተያዘች ልጆቹም አብረው ያልቃሉ። መቆሚያው ከመራቢያው ራቅ ይበል፣ ትንሹ ዓሣ ይመለስ፣ ለአንድ ሰው አንድ መንጠቆ ይሁን። አጥሩ ላይ የብረት መለኪያ እበይድበታለሁ። ሕፃናቱ ዓሣውን እላዩ ላይ አጋድመው ያያሉ፣ ካልደረሰ ይለቁታል።

ቦታው ከእስጢፋኖስ ገዳም ራቅ ቢል ይሻላል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያቆዩትን ጸጥታ በእኛ ጫጫታ መረበሽ ነውር ነው። አስጋሪዎቹም ከሁሉ በፊት ይጠየቁ። እኔ እንደሚመስለኝ የሚጠቅመው እነሱን ነው። መንጠቆና ትል ያከራያሉ፣ ይሸጣሉ፣ ያልቀናውም ሰው ቢሆን ምሳውን ከእነሱ ገዝቶ ነው የሚሄደው።

ደግሞ ወሎ ነን። ሥጋ ላይ የክርስቲያኑ ቢላ ሌላ፣ የእስላሙ ቢላ ሌላ ነው። ተዋደን፣ ተጋብተን፣ ድግስ ላይ ግን ሁለት ድስት እንጥዳለን። ዓሣ ባራኪ አይጠይቅም። የኮምቦልቻ ጎረቤቴ ከነልጆቹ ከእኔ ልጆች ጋር አንድ ትሪ ከቦ የሚበላው ሐይቅ ስንሄድ ነው። ሁለቱ አባወራዎች ልጆቻቸውን ይዘው ያንን ዓሣ ራሳቸው ቢያወጡት ምን ያህል ደስ እንደሚል አስቡት።

የፍሬሙን ንድፍ ሠርቼ ጨርሻለሁ፣ አራት ሜትር በስድስት ነው። የብየዳውን ጉልበት በነፃ እችላለሁ። የሚያስፈልገኝ የቦታ ፈቃድ የሚያስጨርስ ሰው፣ የሐይቅ አስጋሪዎች ምክርና ያገለገለ በርሜል ነው። በርሜሉ ኬሚካል ያልተያዘበት ይሁን፤ የዘይት ወይም የምግብ ከሆነ እቀበላለሁ። ንድፉን ማየት የምትፈልጉ ጻፉልኝና እልክላችኋለሁ።