ዕቁብ የወጣልኝ ሌሊት

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 በአዲሱ ዜግነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ስሰጥ፣ ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ በተጨማሪ አንድ የቁማር ጥያቄ ቀርቦልኝ ነበር። የምኖርባት የአሜሪካ ግዛት ሜሪላንድ በ1960ዎቹ በሕግ ያስወገደቻቸውን የቁማር ማሽኖች በ2008 በሕዝበ ውሳኔ መልሳ ፈቅዳ ነበር፤ ጊዜው የኢኮኖሚ ቀውስ የበረታበት፣ የመንግሥት ካዝና የጎደለበት፣ ቁማርተኛውም ገንዘቡን ይዞ ወደ ዴላዌርና ዌስት ቨርጂኒያ የሚሻገርበት ስለነበር፣ «ካልቀረ እዚሁ ይሁን» የሚለው ወገን አሸነፈ። በ2012 ደግሞ የጠረጴዛ ጨዋታና ስድስተኛ ካዚኖ ተጠየቀ። ገቢው ለትምህርት ይውላል ተባለ። ልጄ ትምህርት ቤት የገባችበት ዓመት በመሆኑ የድጋፉን ሳጥን ነካሁ፤ ጥያቄውም በጠባብ ልዩነት አለፈ።

የምተዳደረው ሌሊት ሌሊት በመኪናዬ ሰው በማመላለስ ሲሆን፣ ካዚኖ ደጃፍ ሰው ማውረድ የዕለት ሥራዬ ነው። መጀመሪያ የገባሁት ለሽንት ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ለቡና ገባሁ፤ በሦስተኛው የአባልነት ካርድ ሰጡኝና በ20 ዶላር ሞክሬ 160 ዶላር ይዤ ወጣሁ። ያቺን 160 ዶላር ባላገኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የአገሬን ልጆችም እዚያ አገኘኋቸው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ተሳስመን የማንጠግብ ሰዎች፣ በማሽኖቹ መካከል ስንተላለፍ አቀርቅረን ስልካችንን እናያለን።

ሃያ ሆነን በወር 500 ዶላር የምንጥለው ዕቁብ በሦስተኛው ወር ወጣልኝ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ለሱቅ መክፈቻ 4,000 ዶላር ከጠየቀኝ ሰንብቷል፤ «ውጭ ሆነህ እንዴት የለኝም ትላለህ?» ለሚል ሰው የምኖርበትን የሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የቤት ኪራይ ማስረዳት አይቻልም። እኔ ደግሞ የመኪና ዕዳ አለብኝ። አሥሩን ሺህ አሥራ አራት ሺህ ባደርገው ለሁላችንም ይበቃል ብዬ አሰብኩ፤ ስሌቱ ለወንድሜ ሲባል የተሠራ ስለነበር ኃጢአት አልመሰለኝም። የዕቁቡ ዳኛ ስሜን በእጁ የጻፈበትን ፖስታ ጃኬቴ ውስጥ ይዤ ብላክጃክ የሚባለው የካርድ ቁማር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ፣ በራሴ ድምፅ በተፈቀደው ጠረጴዛ። ካርድ የምታድለው ልጅ በተሸነፍኩ ቁጥር ከልቧ ያዘነች ትመስል ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፖስታው ውስጥ 700 ዶላር ቀርቶ ነበር፤ እሱንም ለቤንዚን ብዬ ያተረፍኩት አይደለም፤ ጠረጴዛው ለጽዳት ስለተዘጋ ነው።

ለወንድሜ «ባንኩ አዘገየው» አልኩት። ለዕቁቡ ዳኛ ግን መዋሸት አልቻልኩም፤ የቀረውን አሥራ ሰባት ወር በየወሩ 500 ዶላር መጣል አለብኝና። ሰውየው አልተቆጣም፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ ቡናውን ጠጣ።

የሚያስገርመኝ ግን ይህንን ተንኮል አስቀድሜ አውቀው የነበረ መሆኑ ነው። የካዚኖው ገንዘብ በእርግጥ ወደ ትምህርት ፈንድ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ቀድሞ ለትምህርት ይመደብ ከነበረው መደበኛ በጀት በዚያው ልክ እየተቀነሰ ወደ ሌላ ጉዳይ ይዞር ስለነበር ትምህርት ቤቶቹ የተጠበቀውን ያህል አላገኙም። በ2018 ገንዘቡ በበጀቱ ላይ ተጨማሪ ሆኖ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለሕዝብ ሲቀርብ እኔም ተናድጄ ደግፌ ነበር። ከዚያ አምስት ዓመት ቆይቼ የወንድሜን ስም መግቢያ አድርጌ ፖስታውን ይዤ ሄድኩ።

በሜሪላንድ ሰው ራሱን ከካዚኖ የሚያሳግድበት ፎርም አለ፤ የፈረመ ሰው በግዛቲቱ ካዚኖዎች እንዳይገባ ይከለከላል። ሦስተኛውን የዕዳ ወር ከጣልኩ በኋላ ሄጄ ፈረምኩ። ፎርሙን የሞላችልኝ ሴት የሁለት ዓመት ነው የዕድሜ ልክ ብላ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ እኔ ግን «የሁለት ዓመት» አልኩ። ወደ መኪናችን ስንመለስ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ቀበቶዋን አሰረችና መስኮቱን አየች። ጊዜው ሊያልቅ አምስት ወር ቀርቶታል።